ሁለቴ የሚጮኸው በር

ውድ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። አስቀድሜ የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ ሳይሆን እንድታውቂልኝ ነው። አዲሱ የጥበቃ ባልደረባዬ «ይንገሩኝና በስልክ ልጻፍልዎ» ብሎኝ ነበር። «የራሴን ምስጋና በሰው እጅ አልልክም» አልኩት። ፊደሎቼ እንደ ሰካራም ቢንገዳገዱብሽ አትሳቂ፤ ቤታቸውን ያውቁታል።

ከሄድሽ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። በአዲሱ መሥሪያ ቤትሽ በር ላይ ማን እንደሚቆም አላውቅም። ማንም ይሁን፣ ጠዋት ጠዋት ሰላም በይው። ባይመልስልሽም በይው። እኔን ስድስት ቀን ሙሉ «እንደምን አደሩ አባባ» ስትዪኝ አንድም ቀን አልመለስኩልሽም። ይኸው ዛሬ ልመልስ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አድሬያለሁ።

ለምን እንዳኮረፍኩሽ ታውቂ ይሆናል፤ ከአፌ ግን አልሰማሽም። እዚህ ሆስፒታል በር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ። አንቺ ልትመጪ ሰሞን በግቢው የሚወራው ሌላ አልነበረም፤ «ሌባ ሲገባ ራሱ የሚያይ፣ ራሱ የሚዘጋ፣ ራሱ የሚደውል ነገር ሊተክሉ ነው» ነበር። የኮምፒውተሩን ሌባ ነው የሚሉት፤ እኔ ግን ሌባ ሌባ ነው፣ ልዩነቱ አልታየኝም። ማሽኑ ካየ፣ ከዘጋና ከደወለ እኔ ምን ቀረኝ? የበሩ ጌጥ ልሆን?

በሰባተኛው ቀን ደብተርሽን ይዘሽ መጣሽና አግዳሚ ወንበሬ ላይ ሳትጠይቂኝ ቁጭ አልሽ።

«አባባ፣ እዚህ በር ላይ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው?»

«አንቺን ምን አገባሽ?»

«ማሽኑን ላስተምረው ነው።»

«ማሽን ደግሞ በእኔ ይማራል?»

«በማን ይማር ታዲያ? አለቆቹን ብጠይቅ ‹ስብሰባ እንጠራለን› አሉኝ።»

ሳልፈልግ ሳቅኩ። የተሸነፍኩት ያን ጊዜ ነው፤ ግን እስከ ማታ አኩርፌ ቆየሁ፣ ወግ ነዋ።

ከዚያ በኋላ በእኔ ቋንቋ አስረዳሽኝ። በቀን ስንት መቶ ማስጠንቀቂያ እንደሚጮህባችሁ፣ እናንተ የኮምፒውተሩ ጠባቂዎች ሦስት ሰዎች ብቻ እንደሆናችሁ፣ አንዱን ስታጣሩ ሌላው ሾልኮ እንደሚያመልጥ ነገርሽኝ። ስለዚህ ለማሽኑ «ይህ ሲሆን ይህን አድርግ፣ ያ ሲሆን ያን» እያልሽ በተራ በተራ ትጽፊለታለሽ። ጽሑፉን ፕሌይቡክ አልሽው። ሁሉንም ማሽን በተራው የሚያሰማራውን ደግሞ ኦርኬስትሬሽን አልሽው፤ ምላሴ እስኪተሳሰር ደጋግሜ አልኩት።

«እንደ ባንድ መሪ ነው አባባ። ራሱ አይነፋም፣ ራሱ አይመታም። ማን መቼ እንደሚጀምር ግን ያዛል።»

«ራሱ ምንም ሳይሠራ ያዛል? በይ ገባኝ፤ እንዲህ ዓይነት ሰውማ እዚህ ቤት ሞልቷል።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙን «አዛዡ» አልነው። ሥራ አስኪያጁ ስለ እሱ የምናወራ መስሎት አንድ ሰሞን እንዴት እንደገላመጠን ትዝ ይልሻል?

ሦስት ቀን አስቀመጥሽኝ። «በሩን እዘጋለሁ፣ ከውስጥ ያለውን እቆጥራለሁ፣ አለቃ እጠራለሁ፣ መዝገብ ላይ አስጽፋለሁ» አልኩሽ፤ ጻፍሽ። በሦስተኛው ቀን «ተሳስተው ያውቃሉ?» አልሽኝ። ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ያን የአምቡላንስ ነገር የነገርኩሽ ለዚህ ነው።

ከስንት ዓመት በፊት አንድ ሰው የመድኃኒት ካርቶን ተሸክሞ ሲሮጥ አይቼ የበሩን ሁለቱንም ክንፍ ዘጋሁ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ፣ ሌባውንም በአንገቱ ያዝኩ። ደረቴ ተነፋ። ለካ ከውጭ አምቡላንስ ጥሩምባውን ሲነፋ የሚያጨበጭቡልኝ መስሎኝ ነው የቆምኩት! ምጥ የያዛት ሴት ነበረች ውስጡ። ልጁ አስፋልት ላይ ተወለደ። ተርፏል፣ እሷም ተርፋለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ሌባ ሲመጣ በሩን ዝጋ፣ የአምቡላንሱን ክንፍ ግን ሰው ሳትጠይቅ አትንካ።

እስክሪብቶሽን አስቀመጥሽ። አዛዡ ሌባ ያየበትን ኮምፒውተር ሁሉ በሰከንድ ቆርጦ እንደሚጥል፣ የቀዶ ሕክምናውም ክፍል ከሚቆረጡት አንዱ እንደነበር የነገርሽኝ ያኔ ነው። «እዚህ ላይ ቁም፣ ሰው ጠይቅ፣ መልስ ሳታገኝ አትቀጥል» ብለሽ አዲስ መስመር ጨመርሽ። ስሙንም በእኔ ፊት ጻፍሽው፦ የአምቡላንስ በር። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ለባዶው ወንበር «ዛሬ እኔም መጽሐፍ አጻፍኩ» አልኩት።

ባዶው ወንበር የባለቤቴ ነው። አሁን ወደ እሱ ነገር ልምጣ።

እሷን አላወቅሻትም፤ አንቺ ስትመጪ ከሞተች ዓመት አልፏት ነበር። መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። የበሽተኛውን ሁሉ ስምና ቁጥር እሷ ነበረች የምትጽፈው። ጠዋት አብረን እንገባለን። የመግቢያ ካርዷን ማንበቢያው ላይ ታስነካለች፣ ጢት ይላል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ስለምረሳ ካርዴን ከኪሴ መዝዛ ታስነካልኛለች፣ ጢት ይላል። «አንተ ግትር፣ ሠላሳ ዓመት በር ጠብቀህ መግባት አትችልም!» ትለኛለች። የእኛ ፍቅር ይኸው ነበር ልጄ። ከዚህ የበለጠ ቃል አልተለዋወጥንም።

ከቀብሯ በኋላ ሥራ የገባሁ ዕለት ካርዴን ራሴ አስነካሁ። ጢት። ከዚያ ዝም። ያ ዝምታ ጆሮዬን መታኝ። ካርዷ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አወጣሁና አስነካሁት። ጢት። በቃ፣ ሥራዬን መጀመር ቻልኩ። በማግስቱም እንደዚያው። ዓመት ከአራት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳላጓድል ሚስቴን ሥራ አስገባኋት። እብድ አልነበርኩም፤ መሞቷን አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጮኽ በር ግን አልቻልኩም።

በኋላ አንቺ እንዳስረዳሽኝ፣ ዘጠና ቀን ያልተሠራበት የሠራተኛ ስም በኮምፒውተሩ ራሱን ይዘጋል። የእሷ ግን አልተዘጋም። አስተዳደሩ መሞቷን ለኮምፒውተሩ አልነገረውም፤ እኔ ደግሞ በየማለዳው «መጥታለች፣ አለች» እያልኩ እነግረዋለሁ። ስሟን ሕያው አድርጌ ያቆየሁት እኔ ነኝ። ሌባ የገባውም በእሷ ስም ነው።

ዕለቱን ታስታውሺዋለሽ፣ ሰኞ ረፋድ ነበር። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ እንደ ልማዴ ሁለቱንም ካርድ አስነካሁ። የእኔ አረንጓዴ በራ። የእሷ ቀይ። እንደገና አስነካሁት፣ ቀይ። በሸሚዜ ጠርጌ አስነካሁት፣ ቀይ። እዚያው ማንበቢያው ፊት ሁለተኛ የሞተች መሰለኝ።

አዛዡ ሥራውን ሠርቶ ነበር። ከሩቅ አገር የተቀመጠ ሰው በእሷ ስም ገብቶ የበሽተኞችን መዝገብ ሊጭን ሲል፣ በአሥራ አንድ ሰከንድ ስሟን ዘጋ፣ ካርዷን ዘጋ፣ እሷ ትሠራበት የነበረውን ኮምፒውተር ቆረጠ፣ እዚያ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራውንም ሴት አገደ፣ ለአንቺ ደወለ። ሌባው እግረ መንገዱን ቀዶ ሕክምና ክፍሉን ነክቶ ኖሯል። እዚያ ሲደርስ አዛዡ ቆመ። ጠየቀሽ። ለሐኪሙ ደወልሽ፤ «ሆድ ከፍቻለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ስጪኝ» አለሽ። ሰጠሽው፤ እስኪጨርስም ያን ክፍል በዓይንሽ ስትጠብቂ ቆየሽ። አንድ መዝገብ አልወጣም፣ አንድ ሰውም አልተጎዳ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበን። መነጽሩን ገፋ አድርጎ ከወረቀቱ አነበበ። «በሟች ሠራተኛ ስም ነው የተገባው። የይለፍ ቃሉም ሌቦች በሚሸጡት ዝርዝር ውስጥ ተገኝቷል። ምን እንደሚል ልንገራችሁ? ‹ግትሩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት›! እንግዲህ በዚህ ቁልፍ ነው ሆስፒታሉን የቆለፍነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅኩም። ሃያ ስድስት ዓመት፣ በየማለዳው፣ ወንበሯ ላይ ቁጭ ስትል መጀመሪያ የምትጽፈው እኔን ነበር ለካ። አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል አንቺም አልሳቅሽም፤ እኔን ታያለሽ።

«ካርዷ ደግሞ ዛሬ ጠዋትም በር ላይ ሠርቷል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ከውስጥ የሚያግዝ ሰው አለ ማለት ነው። ጋሼ፣ የባለቤትዎ ካርድ የት ነው?»

ልጄ፣ ካርዱ ደረቴ ላይ ነበር። ልቤ ሲመታ ጠርዙ ይወጋኛል። ይህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በር የጠበቅኩ ሰውዬ፣ «ለሞተች ሚስቴ በር እከፍታለሁ» ልበል? አፌ ራሱ መለሰ፦ «መዝገብ ቤት፣ መሳቢያዋ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መሳቢያው አሁን የማን ነው? የሳቂታዋ። ባለቤቴ ሥራ ያስለመደቻት፣ በሳቋ ኮሪደሩን የምታነቃው ያቺ ልጅ። አዛዡ ያገዳት እሷን ነው። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ያን ዕለት ሳቋን አልሰማሁም። «ጉዳዩ እስኪጣራ ቤት ይቆዩ» ተባለችና ቦርሳዋን ይዛ በእኔ በር ወጣች። «ደህና ዋሉ አባባ» አለችኝ ደግሞ። ምነው በሰደበችኝ!

ማክሰኞ መጥተሽ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሽ።

«ሪፖርቴን ሐሙስ ነው የማስገባው። የሚነግሩኝ ነገር አለ አባባ?»

«የለም።»

«እሺ። ነገም እመጣለሁ።»

ረቡዕ መጣሽ። ሻይ ይዘሽልኝ።

«የሚነግሩኝ ነገር አለ?»

«ጠያቂ ሆነሽ ቀረሽ እኮ አንቺ ልጅ! የለም አልኩሽ።»

«እሺ። ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ።»

አልተቆጣሽም። ብትቆጪኝ እገላገል ነበር፤ ተቆጥቼ መልሼ፣ ግትርነቴን ይዤ እኖር ነበር። ሻዩን ግን ሳልጠጣው ተውኩት። ያን ቀን ቤት ገብቼ ካርዷን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ፎቶዋ ላይ እንደ ልማዷ ፊቷን ቋጥራለች። «አንተ ግትር» ስትለኝ ይሰማኛል፤ የዚህን ጊዜ ግን ስድብ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ማንም ሳይጠራኝ የሥራ አስኪያጁን ቢሮ አንኳኳሁ። አንቺም ነበርሽ። ሳቂታዋም ተጠርታ ተቀምጣለች። ቆቤን አወለቅኩ፣ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«መሳቢያ ውስጥ አልነበረም። እኔ ጋ ነው። በየቀኑ የማስነካው እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው። እቺ ልጅ ምንም አታውቅም። የምታባርሩትም እኔን ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ካርዱን አነሳው። «ለምን ጋሼ? ለምን ብለው?»

«በሩ ሁለቴ እንዲጮህ» አልኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ከዚያ አንቺ ወረቀትሽን አነሳሽና ማንበብ ጀመርሽ። ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «ጥፋቱ የአሠራር ነው። ሠራተኛ ሲሞት አስተዳደሩ ለኮምፒውተር ክፍሉ የሚያሳውቅበት መንገድ የለም። ከዛሬ ጀምሮ ይህ በመመሪያው ውስጥ ይገባል። የበሩ ጥበቃ ካርዱን በራሱ ፈቃድ አስረክቧል።»

«በራሱ ፈቃድ አስረክቧል!» ከተጻፈ ቆይቷል እኮ! ቀለሙ ደርቋል! ከያዝሽው ወረቀት ዓይኔን አንስቼ አየሁሽ፤ አንቺ ወደ መስኮቱ ዞርሽ። ለካ የበሩን ካሜራ ሰኞውኑ አይተሽው ነበር። ሁሉንም ታውቂ ነበር። ሁለት ቀን፣ ሻይም ይዘሽ፣ የተመላለስሽው ልትጠይቂኝ ሳይሆን፣ በገዛ እግሬ እስክመጣ ልትጠብቂኝ ነበር።

ለሳቂታዋም ሰኞ ማታውኑ ደውለሽላት ኖሯል። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «አይ አባባ፣ ‹ንጹሕ ነሽ፣ ሦስት ቀን እረፊ› ተብዬ ነው የሰነበትኩት። አሥር ዓመት ያልተኛሁትን ተኛሁ! አሁንም ካሰኘዎት ሌላ ሳምንት ይዋሹብኝ።» ያ ሳቋ መጣ። ሥራ አስኪያጁም ሳቀ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ ይገባኛል። ቁጭ ብዬ ራሴ አነበብኩት፣ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ከእሱ ውስጥ ያልተስማማሁበት አንድ ቃል የለም።

አሁን ደግሞ ደብዳቤውን ያስጻፈኝን ልንገርሽ። አንቺ ረስተሽው ይሆናል፤ ሥራሽ ነውና።

ያን ዕለት ክፍልሽ ወሰድሽኝ። ከኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥሽኝ። «አዛዡ ስሟን ያገደው ለጊዜው ነው አባባ። ለዘለዓለም ለመዝጋት ሰው ይጠይቃል። የአምቡላንስ በር ላይ ቆሟል» አልሽኝ። «ሌላ ሰው መመለስ ይችላል። ግን እርስዎ ቢመልሱ ይሻላል ብዬ ነው።»

አነበብኩ። ስሟን ፊደል በፊደል አነበብኩት። ከሥሩ «ይዘጋ?» ይላል። ከዚያ ሁለት ሳጥን፤ አንዱ «አዎ»፣ አንዱ «ይቆይ»።

«እስከ መቼ ነው የሚጠብቀው?» አልኩሽ።

«እርስዎ እስኪመልሱ።»

የሆነ ገመድ እንደጠፋው ሰው ከጠረጴዛው ሥር ገባሽ። ገመድ እንዳልጠፋሽ አውቃለሁ። ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። የሆስፒታሉ ሐኪም «ሞታለች» ሲለኝ ማንም አልጠበቀኝም ነበር፤ በአንሶላ ተሸፈነች፣ ወረቀት ተፈረመ፣ አልጋው ለሌላ ተፈለገ። የቀበሩትም ሰዎች ቸኩለው ነበር። በዚህ ምድር ላይ «ዝግጁ ነህ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ነገር ያ ማሽን ነው። ማሽን ደግሞ ከራሱ አያውቅም፤ አንቺ ነሽ ያስተማርሽው። አንቺ ደግሞ የተማርሽው ከእኔ ነው። እንዲህ ነው የዞረው።

«በይ ግቢ እንግዲህ፣ በሰላም እረፊ» አልኳትና «አዎ» የሚለውን ተጫንኩ።

በማግስቱ ጠዋት ካርዴን አስነካሁ። ጢት። ዝምታው ሊመጣ ሲል ዓይኔን ጨፈንኩ። ከኋላዬ አንድ እጅ አልፎኝ ሄደና፣ ጢት።

ሳቂታዋ ናት። ከሰዓቷ ግማሽ ሰዓት ቀድማ መጥታለች። «ከዛሬ ጀምሮ አብረን ነው የምንገባው አባባ፤ እምቢ ቢሉ አልሰማም» አለችኝ። ማን እንደመከራት አልጠየቅኳትም። አትካጂ፣ አንቺ ነሽ።

ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ በሩ ሁለቴ ይጮኻል። ሁለቱም የሕያው ሰው ነው።

የምከፍልሽ የለኝም፤ አንድ ነገር ግን ቃል እገባልሻለሁ። አዲሱን የጥበቃ ባልደረባዬን ሳስለምድ መጀመሪያ የማስተምረው መዝጋት አይደለም። የቱን ክንፍ ሰው ሳይጠይቅ እንደማይነካ ነው። ሰውም ጥፋቱን ይዞ ሲመጣ፣ እስኪደርስ ድረስ ሻይ ይዞ መጠበቅን አስተምረዋለሁ። ይህን ከአንቺ ነው ያገኘሁት።

ያገርሽ ልጅ አይደለሁም፣ አባትሽም አይደለሁም፤ ግን ምርቃት በር አይጠይቅም። በገባሽበት ሁሉ አረንጓዴ ይብራልሽ።

በሩ ላይ ያለው ሽማግሌ፣
ግትሩ